ቀለሜ የገዛው ግድግዳ

ጠብ።

ከዚያ ዝም።

ቀለሜ ዓይኑን ሳይገልጥ ጆሮውን ቀሰረ።

ጠብ… ጠብ።

አይጥ አይደለም፤ አይጥ ይሯሯጣል እንጂ እንዲህ እያሰበ አይራመድም። ሰዓትም አይደለም፤ ቤት የገዛ ሰው የግድግዳ ሰዓት መግዣ ከየት ያመጣል? ሆዴ ይሆን ብሎ እጁን እምብርቱ ላይ አሳረፈ፤ የሱ ሆድ ደግሞ ሲጮህ እንዲህ ጨዋ ሆኖ አያውቅም። ድምፁ የሚመጣው ከኮሪደሩ ማዶ ካለችው ክፍል ነው። ያውም ከክፍሏ ሳይሆን ከግድግዳዋ ሆድ ውስጥ።

«አልሰማሁም» አለ ቀለሜ ለጣሪያው፤ ብርድ ልብሱንም እስከ አናቱ ተከናነበ።

እንዲህ ነው እሱ። የማይወደውን ነገር አልሰማሁህም ካለው ነገሩ አፍሮ የሚመለስ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት ሳለ ዘወትር መጽሐፍ ላይ እንዳቀረቀረ ስለሚገኝ ነበር ጓደኞቹ «ቀለሜ» ያሉት። ዶክተር ይሆናል፣ መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የመጨረሻው ፈተና ቀን በመስኮት ደመና ሲያይ ሰዓቱ አለቀበትና ቀለም ቀቢ ሆኖ አረፈው። ቅጽል ስሙ ቀድሞት ሄዶ፣ ባልዲና ብሩሽ ይዞ፣ መንገድ ላይ ሲጠብቀው ነበር ማለት ነው። በዚህ ነገር ሌላው ሰው ሳይስቅበት በፊት ራሱ ይስቃል። «ምናለ ያኔ ባለጸጋው ብለውኝ ቢሆን!» ይላል።

ጠብ።

የሌላ ክፍል ጉዳይ ቢሆን እስከ እኩለ ቀን ባልሰማ ነበር። ያቺ ክፍል ግን የእትዬ ናት።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስታልፍ እሱ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበርና፣ እህትም እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሸሚዝ ስትገጣጥም ኖራ ጡረታ የወጣች ዕለት፣ የተሰጣትን ገንዘብ ከነፖስታው አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

«በል፣ ካጠራቀምከው ጋር አድርግና ቤት ግዛ» አለችው። «ለኔ አንዲት ክፍል ትበቃኛለች። ትንሽ ብትሆን ግድ የለኝም። ብቻ በር ይኑራት፣ በሩም ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፉም እኔ ጋ ይደር።»

ይኼን ስትል ወድዳ አይደለም። በተከራየችበት ቤት ሁሉ አከራይ ሳያንኳኳ ሲገባባት ነው የኖረችው። አንዷማ «መብራት አጥፊ» ልትል ትገባና፣ የእትዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ራሷ ልጆች ስታወራ ታመሽ ነበር፤ መብራቱ እንደበራ። ሌላም አለ። እትዬ ደረቷን ያማታል። እርጥብ ክፍል ውስጥ ካደረች እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ስትል ነው የሚነጋላት። ሐኪሙ ኪኒን ከጻፈላት በኋላ ከሥሩ «ደረቅ ክፍል» ብሎ እንደ መድኃኒት አዞላታል።

ቅዳሜ ልትገባ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው።

ቀለሜ ተነሣ። በባዶ እግሩ ኮሪደሩን ተሻግሮ በሩን ገፋ አደረገ። ግድግዳው ጥግ ላይ፣ ከወለሉ እምብዛም ሳይርቅ፣ የተኛ ግመል የመሰለ ቡናማ እድፍ ወጥቷል። ግመሉ ወገብ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ብናኝ ተነስንሶበታል። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ ቀለሜ በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰው። ከዚያ በኋላ ነው ተረቱ ትዝ ያለው።

ግን አልደነገጠም። አፈረ እንጂ። ከግመሉ ጋር ይተዋወቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ቀለሜን ለሥራ የጠሩት ጊዜ «ልጄ፣ ቤቱን ልሸጠው ነውና ፊቱን እጠብልኝ» አሉት። እሱም ክፍል በክፍል ሲፍቅ ሲያጥብ ግመሉ ዘንድ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ይኼ ከውስጥ የመጣ ነው።»

«ከውስጥ ያለውን ማን ያየዋል?»

«እሱስ ማንም።»

«ታዲያ!»

ቀለሜም «ታዲያ» አለ በሆዱ። እሱ የተቀጠረው ለፊት ነው፤ ሆድ ዕቃ የሱ ሥራ አይደለም። ግመሉን ፋቀው፣ በዘይት ቀለም አፈነው፣ ስቱኮ አለበሰው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው አሸውና እንደ ሕፃን ጉንጭ አለሰለሰው። ከዚያ የራሱን ቀለም በጠበጠ። ያ ቀለም በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም፤ ወተት ውስጥ አንድ ጠብታ ማር የወደቀበት ይመስላል። መጀመሪያ የበጠበጠው ለእትዬ ነበር፤ ከተከራየቻቸው ክፍሎች አንደኛዋ ጨልማ ብትከብዳት፣ ከሰው ቤት በተረፉ ቀለሞች ሞክሮ ሞክሮ ያገኘው ነው። ከዚያ ወዲህ የወደደው ግድግዳ ላይ ካልሆነ አይቀባውም።

የመጨረሻውን እጅ ቀብቶ የጨረሰ ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ ተኛች። ክፍሉ በሙሉ እንደ ሻማ ውስጡ በራ። ቀለሜ ሩሎውን እንደያዘ ቆመ። «እዚህ የሚኖር ሰው ምንኛ የታደለ ነው!» አለ። ክፍያውን ተቀብሎ ሄደ። ሌሊቱን ግድግዳው በሕልሙ መጣበት። በነጋታው ባልዲ የረሳ መስሎ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ባልዲው በእጁ እንዳለ ተመለሰና «ጋሼ፣ ስንት ነው የሚሉት?» አለ።

ሽማግሌው ብዙ አዩት። «አንተ ነህ የምትገዛው?»

«እኔና እህቴ።»

«ቤቱን ደህና አድርገህ አይተኸዋል?»

«ከኔ በላይ ማን ያየዋል?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል አወራርደው ተስማሙ።

በዓለም ላይ ደንበኛ የሸወዱ ቀለም ቀቢዎች ሞልተዋል። ሸዋጁም ተሸዋጁም ራሱ ሆኖ፣ መካከል ላይ ለደላላ እንኳ ሳይከፍል የተሸወደ ግን ቀለሜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼ ነው። ግመሉንስ? ረስቶት ነበር። ማን ይሙት፣ ረስቶት ነበር! ቀለም ቀቢ የሸፈነውን ነገር ራሱ ካላመነ እንዴት ብሎ ሥራ ይሠራል?

«እንኳን ደህና መጣህ» አለው አሁን ለግመሉ። ልብሱን ለባብሶ ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ወጣ።

ቧንቧ ሠራተኛውን ሠፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ቀላል ነው» እያለ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅም። መጣ፤ መሣሪያ የያዘውን ቦርሳ ወለሉ ላይ ዘረገፈው፤ ግድግዳውን እንደ ሐኪም በጣቱ አንኳኳ፤ ጆሮውን ለጠፈበት።

«ቀላል ነው» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ! ምንድነው ግን?»

«ቧንቧ ነዋ። ትንሽ እንከፍታለን፣ እናያለን፣ እንዘጋለን።»

ትንሽ ከፈቱ። መሮና መዶሻው ሲያርፉበት ያ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ስቱኮ እየተፈረፈረ ሲወርድ፣ ቀለሜ የራሱ ጥርስ የሚነቀል መሰለው። ከውስጡ የወጣው ቧንቧ ዝጎ ዝጎ፣ ቀላል ነው ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ ሲይዘው በወዲያ በኩል መስኮቱ ይታይ ነበር።

«ይኼ ቧንቧ አይደለም፣ ወንፊት ነው» አለ በአድናቆት። «ግን ቀላል ነው። እንቀይረዋለን።»

ቀየሩት። ጠብታው ለአንድ ምሳ ሰዓት ያህል አረፈ። ከዚያ ወለሉ ውስጥ ቀጠለ።

«ሥሩም ያው ነው ማለት ነው። ቀላል ነው፣ ወለሉን ትንሽ እናነሣለን።»

ወለሉ ተነሣ። ውሃው ከሌላም አቅጣጫ ይመጣል። ቀላል ነው በቀለሜ መሰላል ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ድምፁ ከላይ እንደ ትንቢት ወረደ፦ «አሸንዳው የሚያፈሰው ወደ ውስጥ ነው! ማነው የገጠመው ይኼን? ግን ቀላል ነው!»

ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። የመጀመሪያው «ቀላል ነው» ለመስኮቶቹ መጋረጃ መግዣ የተቀመጠውን ገንዘብ በላ። ሁለተኛው የእትዬን አዲስ አልጋ፣ ገና ከሱቅ ሳይወጣ፣ ከነፍራሹ ዋጠው። ሦስተኛው ሲመጣ ቀለሜ ኪሱን ገለበጠ፤ ከውስጡ የወጣው የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ብቻ ነበር።

«የለኝም» አለ። «አቶ ባለቤት እጁን ሰጥቷል። የቀረኝ መሰላሉ ነው፤ አንተ ደግሞ አሁን እላዩ ላይ ነህ።»

ቀላል ነው መሰላሉ ላይ ቁጭ ብሎ አሰበ። «አንተ ቀለም ቀቢ አይደለህ? ቤቴን ቀባልኛ። ሥራ በሥራ እንቻቻል።»

«ይሆንልሃል?»

«ምን ይሆናል፤ ቀላል ነው!»

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ቀላል ነው የቀለሜን ቤት ሲጠግን፣ ቀለሜ የቀላል ነውን ቤት ሊቀባ ሄደ። በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ናት፤ እስከ ክርኗ ሳሙና የነካት፣ ቀልድ ከፊቷ የማይጠፋ ሴት። ሳሎን አስገባችው። ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ፣ ክንፏን የዘረጋች ዶሮ የምታክል ቡናማ እድፍ አለች። ከሥሯ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል።

ጠብ፣ አለ ሳህኑ።

ቀለሜ እድፏን አየ፤ ሚስቲቱን አየ።

«አዎ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ነው» አለችው ሳትጠየቅ። «የስንቱን ቤት ሲያደርቅ ይውልና እኛ ጋ ሲመጣ ይደክመዋል። ከተጋባን ጀምሮ እየለመንኩት ነው። አሁን ያሰብኩት ምን መሰለህ? ከጎረቤት ስልክ ደውዬ፣ ድምፄን ለውጬ፣ እንደ ደንበኛ ልጠራው ነው።»

«ይመጣል?»

«መምጣቱንስ ይመጣል። አይቶ ሒሳብ ይነግረኛል ብዬ ነው የፈራሁት።»

ቀለሜ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ አጥንት ሆኖ ተሰነቀረበት። ባልዲውን አስቀመጠና ኮስተር ብሎ «ይቺን ግድግዳ ግን አልቀባትም» አለ። «ሌላውን በሙሉ እቀባለሁ። ይቺ ከውስጥ ሳትሠራ፣ ደህና አድርጋ ሳትደርቅ ቢቀቧት ቀለሙም ልፋቱም ከንቱ ነው። በሽታ መሸፈን ነው። ነውር ነው!»

«አቤት አቤት! እንዳንተ ያለ ሐቀኛ የት ነበር እስከዛሬ?» አለች ሚስቲቱ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብሎ ተረት የተረተው ሰው በዚያች ሰዓት በመስኮቱ ቢያልፍ ኖሮ፣ ቀለሜን በጣቱ ይጠቁም ነበር።

ሐሙስ ቀላል ነው ሥራውን ጨረሰ። ቧንቧው አዲስ፣ አሸንዳው ቀና፣ ግድግዳውም ወለሉም ተመልሰው የተዘጉ፤ ግመሉ ብቻ በልስኑ ላይ ተመልሶ ወጥቷል። ቀለሜ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆየ። ዝም ያለ ነው። ደስ ብሎት ቀላል ነውን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ፣ ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስላል፣ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ስማኝማ፣ አሁን ያለው ነገር ከባድ ነው።»

«ምን?»

«መታገሥ። ይኼ ግድግዳ ስንት ዓመት ውሃ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ በአንድ ጀምበር አይተፋውም። መስኮቱን ክፈትለት፣ ነፋስ ይምታው። ወር ይፈጅ ይሆናል፣ ከዚያም ያልፍ ይሆናል። ሰውም አይደርበት። አንተ ደግሞ ብሩሽህን ከራስህ ደብቅ።»

ዓርብ ጠዋት ቀለሜ ስልኩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠ፤ ሻይ አፈላ፤ ሻዩን ሳይጠጣ ስልኩን አነሣ። የሚለውን ነገር አሳምሮ አጥንቶታል። *እትዬ፣ ክፍሏ ገና አልደረቀችም፤ ትንሽ ቆይተሽ ግቢ።* ይኼ ነው ሙሉ ንግግሩ። ምን ችግር አለው?

«እትዬ፣ እንደምን አደርሽ? እኔ እምልሽ፣ ምናልባት ቅዳሜ ከሚሆን…»

«ቁልፏን አስረክቤላታለሁ!» ድምጿ ሳቅ ሳቅ ይላል። «ለአከራይዋ። ‹እንግዲህ የኔዋ ክፍል በራሴ ቁልፍ ነው የምትከፈተው፣ ስትመጪ አንኳኪ› አልኳት። ፊቷን ብታየው! ምን እያልከኝ ነበር?»

«ኧረ ምንም።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል? አሞሃል?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ክፍሏ… እየጠበቀችሽ ነው ልልሽ ነው።»

ስልኩን ዘጋና ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አይ አንተ!» አለ ራሱን። «ምላስህን ተከራይተህ ነው እንዴ የምታወራበት?»

ማምሻውን እግሩ ሳያስበው ባልዲው ዘንድ ወሰደው። ለአንድ ቀን ብቻ ይቁምልኝ፣ አለ ለማን እንደሆነ ሳያውቀው። እህቴ አይታ ደስ ይበላት፣ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ፤ እሑድ ላይ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ። እርጥብ ግድግዳ ቀለም እንደማይዝ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜ ልኩን ለደንበኛ ሁሉ የሚሰብከው እሱን ነው። እየሰበከ ቀባ። ግመሉ ላይ፣ በግመሉም ዳርቻ ባለው በአሮጌው ቀለም ላይ፣ አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ። ወተቱና ማሩ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በአልጋው ፈንታ አራት ባዶ የቀለም በርሜሎች ደርድሮ ሳንቃ ረበረበባቸው፤ ያለውን ጥሩ አንሶላ ከላይ አለበሰው። ብሩሹን፣ ሩሎውንና ባልዲውን በሩ ኋላ ሸጎጠ። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሥራውን አየ። ልብ የሚነካው ነገር፣ አሁንም በጣም ያምራል።

እትዬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአንዲት ትንሽ የጭነት መኪና መጣች። ዕቃዋ አንድ ሻንጣ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋና ትራሷ ነው። ትራሷን ለሹፌሩም ለቀለሜም አልሰጠችም፤ ራሷ አቅፋ ገባች። የክፍሏ በር ላይ ስትደርስ ቀለሜ ቁልፉን አቀበላት። ቆለፈችው። ከፈተችው። ደግማ ቆለፈችው፤ እጀታውን ነቀነቀችው። እንደ ልጃገረድ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«እስቲ አንኳኳ» አለችው ገብታ በሩን እየዘጋች።

ቀለሜ አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም!»

«ቀለሜ ነኝ፣ እትዬ።»

«ቆይ፣ ላስብበት» አለች ከውስጥ። እውነትም አሰበችበት። ከዚያ ከፈተችለት።

ሻይ አመጣላት። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለዚያው ግድግዳ ሰጥታ፣ ክፍሏን ከዳር እስከ ዳር አየች። «ቀለሟን አስታወስካት» አለችው። «ያቺኑ የጨለማዋን ክፍል ቀለም።» ቀለሜ መልስ ሊሰጣት ቀና ሲል ነው ያየው፤ ከትከሻዋ በላይ ግድግዳው ትንፋሽ ሲስብ።

መጀመሪያ ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ባቄላ አከለ። እትዬ ስለ ሹፌሩ አነዳድ ስትነግረው እንቁላል ሆነ። ስኳር ጨምርልኝ ስትለው ብርቱካን።

«እትዬ፣ ወደ መስኮቱ ዞር በይማ፣ ዛፏን እዪያት።»

«አየኋት እኮ፣ ስገባ።»

«አሁን ወፍ አርፋባታለች።»

ወደ መስኮቱ ስትዞር ቀለሜ ዘሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ፊኛው በጀርባው ተጨፍልቆ እንደ እርጥብ ዳቦ ተለጠፈበት። ቅዝቃዜው ሸሚዙን አልፎ አከርካሪው ላይ ደረሰ።

«ወፍ የለም።»

«በረረች።»

እትዬ ተመልሳ አየችው። «ምን ሆነህ ነው እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ተደግፈህ የቆምከው?»

«ደክሞኝ ነው፣ እንዲሁ።»

«ታዲያ ናና ቁጭ በላ።» ራሷ ተነሥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ቦታ ልትለቅለት። ከሥሯ ባዶው በርሜል «ዷ!» አለ። እትዬ ወደ ታች አየች። «አልጋው ይናገራል እንዴ?»

«አዲስ ሞዴል ነው።»

«እና አንተ የማትቀመጠው እንዳይሰድብህ ፈርተህ ነው? ና አልኩህ!»

እትዬ «ና አልኩህ» ካለች፣ ቀለሜ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ እሱን ሳያማክር ይሄዳል። አሁንም ሄደ። ከጀርባው፣ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ረጅም፣ ያልተቸኮለ። ሁለት እርምጃ ከተራመደ በኋላ የሚከብደው ነገር ምን እንደሆነ ገባው። ግድግዳውን ለብሶት ነበር። ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ ቀለሙ ከሸሚዙ ጋር ተጣብቆ፣ እንደ ሹመኛ ካባ ከኋላው ተንዘርፍፏል። ግድግዳው ላይ ግመሉ፣ አዳዲስ ትንንሽ እድፎችን እንደ ልጆች አስከትሎ፣ ራቁቱን ወጥቷል።

እትዬ ተነሣች፤ ወንድሟን በትከሻው ይዛ አዞረችው። ካባውን ከሸሚዙ ላይ ቀስ ብላ ላጠችው። ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ሸሚዝ እንደምትመረምር ወደ ብርሃኑ ወስዳ፣ ዳሩን በሁለት ጣቷ አሸችው። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ከሥሩ ካለው አሮጌ ስቱኮና ቀለም ጋር ነው የመጣው። በጥፍሯ ለየቻቸው፤ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ። ሁለቱም ወተት ናቸው፤ ሁለቱም ላይ አንድ ጠብታ ማር አለ።

«ላዩ ያንተ ነው» አለች።

ቀለሜ የሸሚዙን ጫፍ ጎተት ጎተት አደረገ።

«ገበሩም ያንተ ነው።»

ቀለሜ የሻይ ብርጭቆዋን አየ። ማንኪያው ውስጡ እንደቆመ ነው።

«ገበሩን መቼ ነው የቀባኸው? ከመግዛትህ በፊት ነው፣ በኋላ?»

«በፊት።»

«ስትገዛው ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

ብዙ የሚባል ነገር ነበር። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ መርሳት፤ ቀለም ቀቢ የሸፈነውን ካላመነ ስለሚለው ፍልስፍናው። ሁሉም አፉ ድረስ መጥቶ ተራ ያዘ፤ መጨረሻ ላይ ሰልፉን ጥሶ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እትዬ፣ በጣም አምሮ ነበር እኮ።»

የእትዬ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ሳል ቀለሜ መለየት አልቻለም፤ ፊቷን ወደ ግመሉ አዙራ ነበር። እጇን ዘርግታ ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ እሱ ሕፃን ሆኖ ትኩሳት ሲይዘው ግንባሩ ላይ እንደምታሳርፈው አድርጋ ጥቂት አቆየችው። መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሁለቱንም ክንፍ እስከ መጨረሻው በረገደችው፤ እንዳይመለስም ሻንጣዋን ደግፋ አቆመችበት። በሩ ኋላ እጇን ሰዳ ብሩሹን፣ ሩሎውንና ባልዲውን አንድ በአንድ አወጣችና የልብስ ስፌት መኪናዋ ሥር ደረደረቻቸው። ቀለሜ ኪሱ ውስጥ የቀረች አንዲት ትንሽ የጥግ ብሩሽ ነበረችው። እትዬ መዳፏን ዘረጋች፤ ሰጣት። እሷንም ከጓደኞቿ ጋር አኖረቻት።

የሻይ ብርጭቆውን እጁ ላይ አስቀመጠችና በአገጯ ወደ ኮሪደሩ አመለከተችው። ወጣ። እሷም ትራሷን ከአልጋው አንሥታ ተከትላው ወጣች፤ በሩን ሳበች፤ ቆለፈችው። እጀታውን አንዴ ነቀነቀች። ቁልፉን የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«እትዬ» አለ ቀለሜ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ። ጀርባው ላይ የቀረው የግድግዳው ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። «ሻይሽን አልጨረስሽም።»

«ክፍሏ ስትደርቅ መጥቼ እከፍታታለሁ፤ እስከዚያ የአከራይዋን በር አንኳኳለሁ» አለችውና ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ትራሷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ በግቢው በር ወጥታ ሄደች።